ጧሪ ማን ነው? አረጋውያን ኢትዮጵያውያን ከቆቦ ሜዳ ሲታዩ

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከወጣቱ ነው። ምክንያትም አለው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገሪቱ 73.7 ሚሊዮን ሕዝብ መካከል 45 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ነበር። ስለዚህ ዕቅዱም፣ በጀቱም፣ የእኛ የመመረቂያ ጽሑፎችም ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሥራ ፈጠራ ቢያዘነብሉ አይገርምም። እኔ ግን ዛሬ በመሰላሉ ሌላኛው ጫፍ ስላሉት፣ ስለ እድሜ ባለጸጎቹ ላወራችሁ ነው። ማሳያዬም የማውቀው አገር ነው፦ ቆቦና የራያ ቆላ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በዚያው ቆጠራ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት 3.5 ሚሊዮን ገደማ፣ ከመቶው 5 የማይሞሉ ነበሩ። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ስለተራዘመ ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው በግምት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ግምት ዛሬ ሕዝባችን 130 ሚሊዮን አካባቢ ሲሆን፣ የአረጋውያኑ ድርሻ አሁንም 5 በመቶ ገደማ ነው። በጃፓን 65 ዓመት ያለፋቸው ብቻ ከመቶው 29 ናቸው። እንግዲህ መቶኛውን ብቻ ያየ ሰው «ለኢትዮጵያ እርጅና ገና ሩቅ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን 5 በመቶ ማለት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ማለት ነው። ከኖርዌይ ጠቅላላ ሕዝብ ይበልጣል። እስከ 2042 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በዚያን ጊዜ 60 ዓመት የሚሞላቸው ዛሬ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያሉት ናቸው። ከዚህ አዳራሽ ብዙዎቻችሁ አላችሁበት።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስት አንድ ነጥብ ላንሳ። «በድሮ ጊዜ አማካይ እድሜ 45 ነበር» ሲባል ሰው ሁሉ በ45 ዓመቱ ይሞት የነበረ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። አማካዩን ወደ ታች ይስበው የነበረው የሕፃናት ሞት ነው። ልጅነቱን ያለፈ ሰው ያኔም ይሸብት ነበር። ዛሬ በውልደት ጊዜ የሚጠበቀው አማካይ እድሜ ወደ 67 ዓመት ደርሷል። 60 የሞላው ሰው ደግሞ ገና 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል ተብሎ ይጠበቃል። ጥያቄው ታዲያ ይህ 15 ዓመት በምን ይኖራል የሚለው ነው።

ቆቦ ላይ አንድን አዛውንት «አብዬ፣ እድሜዎ ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ ዙር ቁጥር ነው፤ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። የአገራችን ቆጠራዎች ሁሉ ይህን ያሳያሉ፤ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ዓመታት ላይ ሕዝቡ ይከመራል። ቆጣሪዎች ለዚህ መላ አላቸው፤ ዓመት ከመጠየቅ ክስተት መጠየቅ። «በ66ቱ ድርቅ ጊዜ አግብተው ነበር? መሬት ላራሹ ሲታወጅ ግብር ይከፍሉ ነበር? በ77 የመጀመሪያ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነበር?» በዚህ መንገድ እድሜው ከሞላ ጎደል ይወጣል።

ይህ የክስተት መቁጠሪያ የትውልዱም የኢኮኖሚ ታሪክ ነው። ዛሬ ሰባዎቹን ያጋመሰ የራያ ገበሬ በ1966ቱ የወሎ ረሃብ ጎረምሳ ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ባለይዞታ ለመሆን ደረሰ። በ1977 ረሃብ በሬውን ሸጠ ወይም በሬው ሞተበት። ዘመዱ በሰፈራ ወደ ወለጋ ወይም ወደ ኢሉባቦር ሄደ፤ በዚያ ዘመን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተጉዟል፤ የሚበዛውም የወሎ ሰው ነበር። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ቆቦ ራሷ ከአንድ ጊዜ በላይ የጦር ሜዳ ሆነች። ሰው ለእርጅናው የሚያስቀምጠው ጥሪት በጉልምስናው የሚያጠራቅመው ነው። ይህ ትውልድ ያጠራቀመውን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከዜሮ ጀምሯል።

ወደ ጡረታ እንምጣ። ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጡረታ የመጣው ከመጦር ነው፤ ጧሪ ቀባሪ ከምንለው። ማለትም መሥሪያ ቤት ከመምጣቱ በፊት ጡረታ ልጅ ነበር። በመንግሥት ደረጃ ሥርዓቱ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ለመንግሥት ሠራተኞች ቆመ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የገቡበት በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። በ2003ቱ ስሌት 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው የሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከ10 በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያስተማረ መምህር እንግዲህ 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። የጤፍ ዋጋ ግን ከደመወዙ ቀርቶ ከእኛም አቅም በላይ እየሮጠ ስለሆነ፣ በወጣበት ዓመት ቤት ያስተዳድር የነበረ ጡረታ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለአንድ ሳምንት አስቤዛ ላይበቃ ይችላል።

ያም ሆኖ ይህ ዕድለኛው ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከ100 ኢትዮጵያውያን 84ቱ በገጠር የሚኖሩ ነበሩ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ የቤት እመቤቷ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። ለእነሱ ጡረታ ሦስት ነገር ነው፦ መሬት፣ ልጅና ጎረቤት። ሦስቱንም በየተራ እንያቸው።

መሬት። ራያ ቆላ፣ በምዕራብ ተራራው በምሥራቅ ዞብል የያዙት ሜዳ፣ ለም ነው። ማሽላውም ጤፉም ስም አለው፤ ጎሊናና ሆርማት ሲሞሉ ጎርፉ እየተጠለፈ ወደ ማሳ ይገባል፤ በቆቦ ጊራና ፕሮጀክት የከርሰ ምድር ውሃ ወጥቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። ይህ ሁሉ ግን ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበቱ ያለቀበት አዛውንት መሬቱን በእኩል ይሰጣል። እስቲ በምሳሌ እናስላው። ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር መሬት ያላት አንዲት ባልቴት አለች እንበል። ዓመቱ ጥሩ ሆኖ 8 ኩንታል ጤፍ ቢገባ ድርሻዋ 4 ነው። ከማዳበሪያውና ከዘሩ ከተካፈለች ወደ 3 ይወርዳል። በሬውም ዘሩም የአራሹ ከሆነ ሲሶ ነው ሊላት ይችላል። ዝናብ ያጠረ ዓመትስ? ያን ጊዜ አካፋዩ ጎተራ ሳይሆን ሰማይ ነው።

ባልቴት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ወንዱ በእድሜ የምታንሰውን ስለሚያገባ፣ አረጋዊው ብዙ ጊዜ ሚስት አለችው፤ አረጋዊቷ ግን ብዙ ጊዜ ባሏን ቀብራለች። በወሎ ባህል ደግሞ ሴት ሞፈር አትጨብጥም። የይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟና ፎቶዋ ቢኖርም አራሽ መፈለግ ግዴታዋ ነው። ውሉ በቃል ከሆነ፣ አራሹ ጉልበተኛ ከሆነ፣ ደብተሩ ደብተር ብቻ ሆኖ ይቀራል። «የጦረኝ ይውሰደው» ብላ ይዞታዋን በስጦታ አስተላልፋ፣ ስጦታው ሲጸድቅ መጦሩ የሚቆምባትም አለች።

ልጅ። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 4.6 ልጅ ነበር፤ በአማራ ክልል 3.7፣ በአዲስ አበባ 1.8። ይህ ለእናቶች ጤናና ለትምህርት መልካም ዜና ነው። ለአረጋዊው ግን የጧሪው ቁጥር አነሰ ማለት ነው። ያሉትም ቅርብ አይደሉም። የቆቦ ወጣት አንዱ መንገዱ ወደ ጅቡቲና የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከእነዚያ መካከል የሰሜን ወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። ብሩ ሲመጣ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ሲቋረጥ አያት የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ የእኛው ነው፤ ትምህርት። ወላጅ በሬ ሸጦ ያስተማረው ልጅ ተመርቆ 570 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ይቀራል። እዚህ የተቀመጥነው እኮ፣ በስታቲስቲክሱ ቋንቋ፣ ከቤት የጎደለው ጧሪ ነን። ይህን ስል ለወቀሳ አይደለም፤ ሒሳቡ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ጎረቤት። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚያሰባስብ፣ ሰው ሲሞት ማንንም ብቻውን የማይተው ትልቅ ተቋም ነው። ችግሩ ቅሬ ሥራው የሚጀምረው ስንሞት መሆኑ ነው። ቀብሩ የሚያምርለት ሽማግሌ የመጨረሻ ሦስት ዓመቱን ማን እንዳጠበው፣ ማን እንዳበሰለለት ቅሬው መዝገብ ላይ የለም። ቀባሪ አለን፤ የጎደለን ጧሪ ነው።

መንግሥትስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል። በተግባር ገጠር የደረሰው ትልቁ ድጋፍ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ነው፤ ቆቦም ተጠቃሚ ወረዳ ነበረች። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፤ ጉልበት የሌለው በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። መጠኑ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኙ ብር ነው። ለብዙ ደጅ የመጨረሻው መድኅን ይህ ነው። ሆኖም የሚሰጠው ደሃ ስለሆኑ እንጂ ስላረጁ አይደለም፤ ኮታ አለው፤ መራጩም የቀበሌ ኮሚቴ ነው። ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። እርጅና ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር በሚመጣበት ዘመን ይህ ደብተር ከበሬ ያላነሰ ሀብት ነው።

«አገሪቱ ድሃ ናት፣ ለሁሉም አረጋዊ ጡረታ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ሌሶቶ ተራራማና ትንሽ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. 70 ዓመት ለሞላቸው አነስተኛ ወርሃዊ ጡረታ ጀመረች። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. 70 ዓመት ለሞላቸው 2,000 ሽልንግ መክፈል ጀመረች። የእኛ ሕዝብ ወጣት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ 70 ያለፈው ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ወጪውም ያንሳል። ትንሽ ሆነው ሳሉ ያልጀመርነውን ሲበዙ አንጀምረውም።

አረጋዊ ደግሞ ተቀባይ ብቻ አይደለም። በራያ ዘወልድ የሚባለው የእርቅ ሥርዓት ደም የተቃባን ወገን የሚያስታርቀው በሽማግሌ ነው። ጎርፉ ከየትኛው ማሳ ቀድሞ እንደሚገባ፣ ጅጉርቲ ማሽላ በየትኛው ዝናብ እንደሚዘራ የሚያውቀው እሱ ነው። እናቱ ዓረብ አገር የሄደችበትን ልጅ ትምህርት ቤት የምትልከው አያቱ ናት። ይህ ሥራ ደመወዝ ስለሌለው በብሔራዊ ሒሳብ አይገባም እንጂ ቢቆም ወጪውን ሁላችንም እናየው ነበር።

እንግዲህ ከማኅበራችን የምጠብቀውን ልናገርና ላብቃ። መምህሮቻችን፣ የሥነ ሕዝብ፣ የማኅበራዊ ሥራና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው ሲሄዱ፣ 60 ያለፈውን በክስተት መቁጠሪያ እየቆጠሩ፣ ማን አረሰለት፣ ማን ጦረው፣ የጤና መድን አለው ወይ ብለው ይመዝግቡ። ቆጠራው እስኪመጣ የምናጣቅሰው የራሳችን መረጃ ይኖረናል። ሕግ የተማራችሁ አባላት፣ በየወረዳችሁ የእኩልና የስጦታ ውል በጽሑፍ ሆኖ በመሬት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ፣ በተለይ ለባልቴቶች፣ በዓመት ሁለት ቀን ስጡ። ሁላችንም ደግሞ በየትውልድ መንደራችን ላለው ቅሬ መዋጮ ስንልክ፣ ከዚያ ላይ ለሚኖሩት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የጤና መድን እንዲከፈል እንነጋገር። ቅሬው መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ አመኔታ አለው፤ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልገንም።

የሚቀጥለው ዓመት መገናኛችን ላይ ስንት ቀበሌ እንደተመዘገበ፣ ስንት ውል እንደጸደቀ፣ ስንት ሰው የመድን ደብተር እንደያዘ በቁጥር ብንሰማ ደስ ይለኛል።