በላስታ ጅረቶች ውስጥ የሚገኘውን ናይትሬትና ፎስፌት ስለ መለካት



ክረምት በገባ ቁጥር በኩልመስክ ዙሪያ ያሉ ጅረቶች ደፍርሰው ወደ ተከዜ ይወርዳሉ። ይዘውት የሚሄዱት አፈር ብቻ አይደለም፤ የሰብሉ ምግብ የሆኑት ናይትሮጅንና ፎስፎረስም አብረው ይሄዳሉ። ገበሬው ያጣውን የታችኛው ውኃ ያገኘዋል፤ ግኝቱ ግን ሁልጊዜ በረከት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ የታየው እምቦጭ የሚስፋፋው እንዲህ ያለ ምግብ በበዛበት ውኃ ነው። በተከዜም ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ የላይኛው አገር ጎርፍ የሚያርፍበት ሆኗል።

መጠኑን ለማወቅ ናሙናውን በጠርሙስ ሞልቶ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ መላክ የተለመደ ነው። ዳሩ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት በመንገድ ሳሉ ናይትሬቱን ይለውጡታል። ስለዚህ መለኪያው ራሱ ወደ ወንዙ ቢሄድ ይመረጣል።

ለናይትሬት የሚያገለግለው ኤሌክትሮድ ናይትሬትን ለይቶ የሚቀበል ስስ ሽፋን አለው፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የናይትሬቱ መጠን 10 ጊዜ ሲለወጥ የኤሌክትሪክ ግፊቱ በ59 ሚሊቮልት ገደማ ይለወጣል። የ1 ሚሊቮልት ስሕተት ብቻ ውጤቱን በ4 በመቶ ያህል ያዛባል። የደጋው ውኃ ቀዝቃዛ ስለሆነ መሣሪያው በክፍል ሙቀት ተስተካክሎ ወደ ጅረቱ የገባ እንደሆነ ንባቡ ይሳሳታል፤ ክሎራይድና ባይካርቦኔትም ናይትሬት መስለው ይቆጠራሉ።

የፎስፌት ነገር ከዚህ የከበደ ነው። መርፊና ራይሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት፣ በሞሊብዴት ሰማያዊ ቀለም የሚለካው ዘዴ እስከ ዛሬ ተፎካካሪ አላገኘም ለማለት ያስደፍራል። ቀለሙን ለማንበብ ግን ውኃው አስቀድሞ መጣራት አለበት። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ፎስፌት ከሸክላ አፈር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ አብዛኛው በማጣሪያው ወረቀት ላይ ይቀራል። መሣሪያው «ውኃው ንጹሕ ነው» ሲል የማሳው ሀብት በጭቃ መልክ እያለፈ ነው!

እንግዲህ ለላስታ የሚሠራ መሣሪያ ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል። ናይትሬቱን ኤሌክትሮዱ በጅረቱ ሙቀት ተስተካክሎ በየጊዜው ያነብባል፤ ለፎስፎረሱ ደግሞ ያልተጣራ ናሙና ከነጭቃው በአሲድ ተቀቅሎ ይለካል። ጊዜውም ቡቃያው መሬቱን ገና ባልሸፈነበት በሰኔና በሐምሌ፣ ጎርፉ በሚሞላበት ሰዓት እንጂ ውኃው በጠራበት በጥር አይደለም።