አዲስ የፋይል ማመቂያ ቅርጸት ያስፈልገናልን?



ፋይሉን የሚያምቀው አንድ ሰው ነው፤ የሚከፍቱት ግን ብዙዎች፣ ያውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ዚፕ ዛሬም በየቦታው የሚከፈተው ከሁሉ አብልጦ ስለሚያምቅ ሳይሆን፣ አሠራሩ በጽሑፍ ለሁሉ ስለተገለጠ ነው። በ2016 ይፋ የሆነው ዚስታንዳርድም የታመቀውን ከዚፕ እጅግ ፈጥኖ ስለሚፈታና አሠራሩም ስለታተመ ቦታ አገኘ።

አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ ለአማርኛ የተለየ ማመቂያ እንሥራ የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ነባሮቹ ማመቂያዎች የሚደጋገሙትን ባይቶች አሳጥረው ስለሚጽፉ ትርፉ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። መፍቻው የጠፋ እንደ ሆነ ግን መዛግብታችን የማይነበቡ ሆነው ይቀራሉ።

ስለዚህ አዲስ ቅርጸት የሚፈጥር ባለሙያ ትርፉን በነባሮቹ ይመዝን፤ መፍቻውንም አስቀድሞ በጽሑፍ ያኑር። ይህን አሳስቤ ንግግሬን እፈጽማለሁ።