በታብሌት የሚዞረው የሰው ፊት

  

 በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በዲጂታል ካሜራ የተነሳን ፎቶ በታብሌት ስለ ማየትና ለሌላ ሰው ስለ ማሳየት ነው። «ይህ ደግሞ ምን የሚነገር ነገር አለው?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። እኛም አንድ የመድረሳችን ልጅ ቁርኣን ከሚቀራበት እስኪቀር ድረስ እንደዚያው እንል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን መጨረሻ ላይ የመስጂዳችን ጀመዓ ዘካተል ፊጥር ሰብስቦ ለችግረኛ ቤተሰቦች ያከፋፍል ነበር። ከሰጪዎቹ ብዙዎቹ በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። ከላቡ ቆጥቦ የላከ ሰው አማናው ከባለቤቱ ዘንድ መድረሱን ማወቅ ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። ስለዚህ ከወጣቶቻችን አንዱ ዲጂታል ካሜራ ይዞ መጣ። ዱቄትና ሩዝ የሚቀበለው ሰው ሁሉ ከረጢቱን ታቅፎ ይቆማል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል። «ወደ ብርሃኑ ጠጋ በሉ፣ ቀና በሉ» እያልን የምናስቆማቸው እኛው ነበርን። አንዱንም ሰው «ፎቶ ብናነሳዎ ይፈቅዳሉ?» ብለን አልጠየቅንም። ለነገሩ ብንጠይቅስ፣ የዒድ ምግቡን በእጃችን ላይ እያየ እምቢ የሚል ሰው ማን ነው?

በዒዱ ማግስት ከለጋሾቹ የአንዱን ቤት ዘየርን። ባለቤቱ ለእረፍት ከውጭ የመጣ ነው። ሜሞሪ ካርዱን ከካሜራው አውጥተን ሰጠነው፤ እሱም በካርድ ሪደር ከታብሌቱ ጋር አገናኝቶ ፎቶዎቹን ገለበጣቸው። ቡናው እስኪፈላ ታብሌቱ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። ሁሉም «ማሻአላህ፣ አላህ ይቀበላችሁ» ይላል። እኛም ደስ ብሎናል፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራ ሳንልም አልቀረን። ከትልልቆቹ እጅ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ወደሚጫወቱት ልጆች ሲደርስ አንዱ ልጅ በጣቱ ገፋ ገፋ እያደረገ አየና የአንዲት እናት ፎቶ ላይ ቆመ። ከዚያም የልጃቸውን ስም ጠርቶ «የእሱ እናት አይደሉም እንዴ?» አለ። ከትልልቆቹ ማንም ልብ አላለውም። እኛ ሰምተናል። ሰምተን ግን ቡናችንን ጠጣን።

ከዒድ በኋላ መድረሳው ሲከፈት ያ ልጅ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ጁዝእ ዐማን ሊጨርስ የቀረው ትንሽ ነበርና ቤታቸው ድረስ ሄድን። እናትየው በአክብሮት ተቀበሉን፤ ሻይ አፈሉልን። ልጁ ግን ከጓዳ አልወጣም። የሆነውን ስንጠይቅ መጀመሪያ ሊነግሩን አልፈለጉም፤ ኋላ ግን እንዲህ አሉን፤ «ኡስታዝ፣ ስለ ዱቄቱ አላህ ይስጣችሁ። ልጄን ግን እኩዮቹ 'እናትህ ዱቄት ስትለምን በታብሌት አየናት' አሉት። እኔ ለምኜ አላውቅም። ጠርታችሁ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

አድማጮቻችን፣ ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? እኛ አልነበረንም። «ፎቶውን አሁኑኑ እናጠፋዋለን» ብቻ አልናቸው። ይህንንም ያልነው ነገሩን ሳናውቀው ነው።

ምክንያቱም ፎቶው ያለበትን ቦታ መቁጠር ስንጀምር የቁጥሩ መብዛት አስደነገጠን። በመጀመሪያ የካሜራው ሜሞሪ ካርድ ላይ አለ። ወደ ታብሌቱ ሲገለበጥ ከካርዱ አልወጣም፤ ሁለተኛ ሆነ እንጂ። ታብሌቱ ፎቶዎችን በራሱ ጊዜ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚገኝ ማከማቻ እንዲልክ ተደርጎ የተስተካከለ ነበር፤ ስለዚህ እዚያም አለ። በዚያው አካውንት የተከፈተው የባለቤቱ ስልክ ላይም ይታያል። ባለቤቱ ለጋሾቹ ወዳሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ልኮታል። ከግሩፑ አባላት ደግሞ የስንቱ ስልክ የመጣለትን ፎቶ ሁሉ ሳይጠየቅ እንደሚያስቀምጥ አላህ ይወቀው። ታብሌቱ ላይ «አጥፋ» የሚለውን ስንነካው እንኳ ወዲያው አይጠፋም፤ በቅርቡ ወደተሰረዙት ማኅደር ይገባል። እዚያም በአይፓድ 30 ቀን ያህል ይቆያል፤ በጎግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገ ከሆነ ደግሞ 60 ቀን። ሜሞሪ ካርዱም ቢሆን «አጥፋ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው የፎቶውን አድራሻ እንጂ ፎቶውን ራሱን አይደለም፤ ሌላ ፎቶ በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ በቀላል ፕሮግራም መልሶ ማውጣት ይቻላል። ያን የመሰለውን ሁሉ ለመሰብሰብ ብዙ ቀን ደከምን። የደረስንበትን አጠፋን። ያልደረስንበት አሁንም አለ።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዕድሜያችን ከፍ ያለው እንደምናስታውሰው ድሮ እንግዳ ሲመጣ የሚቀርበው አልበም ነበር። አልበም ሲገለጥ ባለቤቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ «ይህ አጎታችን ነው፣ ይህች የሠርጉ ዕለት ናት» እያለ ራሱ ገጹን ይገልጣል። የሚያልቅበት ገጽም አለው። እንግዳ እንዳያየው የተፈለገ ፎቶ ካለ አስቀድሞ ይወጣና ሳጥን ውስጥ ይገባል። ታብሌት ግን መጨረሻ ገጽ የለውም። የዒዱን ፎቶ ሊያይ የተቀበለው እንግዳ ሁለት ጊዜ ገፋ ካደረገ የልጆች ገላ መታጠቢያ ውስጥ ይገባል፤ ሦስት ጊዜ ከገፋ የባለቤቱ የባንክ ደረሰኝ ላይ ይደርሳል። ዕቃው ሲጀመርም የተሠራው ለማንሳት ሳይሆን ለማየት ነው። የመጀመሪያው አይፓድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ ካሜራ እንኳ አልነበረውም፤ የዲጂታል ካሜራን ፎቶ ወደ እሱ ማስገቢያው ለብቻው የሚሸጥ ማገናኛ ነበር። ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ አምስት ሰው ተከቦ ያየዋል። ጥቅሙም፣ የሰውን ገመና ማውጣቱም ከዚሁ ከስፋቱ ነው።

ወደ ዲናችን ስንመለስ፣ በሱረቱ ኑር 27ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናንን ከራሳቸው ቤት ሌላ ወደሆነ ቤት ፈቃድ ሳይጠይቁና በነዋሪው ላይ ሰላም ሳይሉ እንዳይገቡ ያዛል። የዚህ ፈቃድ ምክንያቱ ምንድን ነው? ቡኻሪና ሙስሊም ከሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በር ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጮለቀ። እርሳቸው በዚያን ጊዜ ራሳቸውን የሚያኩበት የብረት ማበጠሪያ በእጃቸው ይዘው ነበር። እያጮለቀ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ በዚያው ዓይኑን ይወጉት እንደነበር ነገሩትና ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑን አስተማሩ። ልብ በሉ፤ ሰውየው እግሩን አላስገባም። ያስገባው ዓይኑን ብቻ ነው።

እንግዲህ የሰውን ጋለሪ ያለፈቃዱ በጣት እየገፉ ማየት ከዚያ ቀዳዳ በምን ይለያል? በእርግጥ ታብሌቱን የሰጠን ባለቤቱ ነው። የሰጠን ግን አንዱን ፎቶ እንድናይ ነው። ሌላውስ ቢቀር፣ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው መቼ ፈቀደልን? አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከጃቢር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ነገር ነግሮን ዞር ብሎ ከተመለከተ ያ ንግግር አማና እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። «አትናገር» አላለንም፤ መዞሩ ብቻ በቂ ሆነ። እኛ ደጃፍ ላይ ከረጢት ታቅፈው የቆሙት እናት አንገታቸውን ደፍተው እንደነበር ፎቶው ራሱ ያሳያል። «ቀና በሉ» ያልናቸው ለዚህ ነበርና።

«ምጽዋትን ግልጽ ማድረግ ይቻል የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። አዎን፤ በሱረቱ በቀራህ 271ኛው አንቀጽ ምጽዋትን መግለጽ መልካም መሆኑ፣ ደብቆ ለድሆች መስጠት ግን የበለጠ መሆኑ ተነግሯል። ነገር ግን እኛ እንደምንረዳው የሚገለጸው ስጦታው ነው፤ የተቀባዩ ፊት የሰጪው ንብረት ሆኖ አያውቅም። ከዚያው ሱራ በ264ኛው አንቀጽ ደግሞ ምጽዋት በመመጻደቅና በማስከፋት እንደሚበላሽ ተነግሮናል። ከበርካታ ለጋሾች የተሰበሰበ አማና ይዘን ባናውቅበት ኖሮ የእኛው ጥፋት ለእኛው ይቀር ነበር። አሁን ግን የሌላውን ሰው ምጽዋት ጭምር አደጋ ላይ ጣልን።

ስለ ፎቶግራፍ ራሱ ዑለሞች መለያየታቸው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ካሜራ ጥላን ይይዛል እንጂ አይፈጥርም በማለት ፈቅደዋል፤ የከለከሉም ታላላቅ ዑለሞች አሉ። ያንን ኺላፍ ዛሬ አንከፍትም። የፈቀደውም ሆነ የከለከለው የሙስሊምን ገመና በመግለጥ ላይ ግን አልተለያየም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በብዙ ቤት ችግሩ የሚመጣው በኒካሕ ነው። ሴቶቹ ለብቻቸው በሆኑበት ክፍል ሒጃባቸውን አውልቀው፣ ተውበው፣ ተደስተው ይነሳሉ። ያነሳቻቸው እህት ናት፤ ካሜራውም የቤት ነው። ከሳምንት በኋላ ያው ሜሞሪ ካርድ ታብሌት ላይ ተገልብጦ ሳሎን ውስጥ በአጎት ልጆችና በጓደኞች እጅ ይዞራል። ሙሽራዪቱ የራሷን ፎቶ ብትፈቅድ እንኳ አጠገቧ ለቆመችው ጎረቤት መፍቀድ አትችልም። ስለዚህ እናቶችና እህቶች፣ የሴቶች ክፍል ካርድ ለብቻው ይሁን፤ የሳሎኑ ታብሌት ውስጥም ከቶ አይግባ። ወንዶችም «እስቲ ልየው» ከማለት እንቆጠብ። እህት ወይም ሚስት ታብሌቷን ስትደብቅ አንቆጣ።

ለእንግዳ የሚታየውን ደግሞ አስቀድሞ መምረጥና ለብቻው አልበም መሥራት አስር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አልበሙን ከፍተን ከሰጠን በጣቱ ሲገፋ የሚያየው በውስጡ ያሉትን ነው። አይፓድ ያለው ሰው «ጋይድድ አክሰስ» የሚባለውን ቢያበራ እንግዳው ከዚያ ፕሮግራም መውጣት አይችልም፤ የስክሪኑን መነካት እስከ ማጥፋትም ይደርሳል። በአንድሮይድ ፒን ማድረግ የሚባል አለ፤ እሱ ግን ከጋለሪው እንዳይወጣ ያደርጋል እንጂ ጋለሪው ውስጥ ከመዟዟር አያግደውም። ይህን የሚያውቁት ልጆቻችን ናቸው፤ እነሱን መጠየቅ አያሳፍርም። እኛም የተማርነው ከመድረሳ ልጆች ነው። ፎቶ ስንልክ ደግሞ አንድ ነገር እንወቅ። ፎቶው የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ በስልክ ከተነሳም ብዙ ጊዜ ቦታውን ጭምር በውስጡ ይዞ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ከተላከ ይህ ሁሉ ሳይቀነስ ይደርሳል። የአንዲት ችግረኛ እናት ቤት የት እንደሆነ ከፊታቸው ጋር ልከን እንዳይሆን።

በመስጂዳችን ከዚያ ዓመት ወዲህ የሚነሳው የተከመረው ከረጢት፣ የገዛንበት ደረሰኝና ስም የሌለበት የቤተሰብ ቁጥር ነው። የተቀባዮች ስምና ፊርማ ያለበት መዝገብ ከጀመዓው ሁለት ሰዎች ዘንድ ይቀመጣል፤ ለጋሽ ቢጠራጠር መጥቶ እነሱን ይጠይቃል። አንዳንዶች ቅር ብሏቸዋል። «ፊት ካላየን ልባችን አይነካም» ብለው መላክ ያቆሙም ነበሩ። ሪዝቅ ከአላህ ነውና በዚያም አልተጎዳንም።

እናትየው «አውፍ ብያለሁ» ብለውናል፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ልጁ ወደ መድረሳው የተመለሰው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያውም አጎቱ እጁን ይዞ አምጥቶት። ጁዝእ ዐማን ጨርሷል፣ አል-ሐምዱሊላህ። ባለፈው ጊዜ ለጨረሱት ልጆች ሽልማት ስንሰጥ አንዱ አባት ካሜራ አወጣ። ልጁ ሽልማቱን ሳይቀበል በኋላ በር ወጣ። በማግስቱ ማንም በሌለበት ሰጠነው።