ዘይት ሳያልቅበት ዘይት የሚያጣ ሞተር



አንድ ሞተር ዘይቱ ፈስሶ አልቆበት ቢቃጠል ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም። የዘይት ኮፓው ሙሉ፥ ፖምፑ ደኅና፥ ፊልትሮው አዲስ ሆኖ ሳለ የቢየላው ብሮንዚና ተቃጥሎ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ያስገርማል። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ብልሽት ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝ አገር ባለቤቱ በገዛ ጋራዡ ገጣጥሞ በእሽቅድምድም ሜዳ በሚነዳት፥ ኪት ካር በምትባለው ትንሽ መኪና ላይ የሚደርሰው ነው።

የዚህ ዓይነት መኪና ዋና አርአያ ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣት ሎተስ ሴቨን ናት። በዚያን ዘመን ተገጣጥሞ የተሸጠ መኪና የግዢ ቀረጥ ሲከፈልበት፥ በየክፍሉ የተሸጠው ግን ነፃ ስለ ነበረ፥ ብዙ ሰው ክፍሎቹን እየገዛ በቤቱ ይገጣጥም ነበር። ቀረጡ እ.ኤ.አ. በ1973 በሌላ ቢተካም ልማዱ አልቀረም፤ በዚያው ዓመት የመኪናዋን የመሥራት መብት ኬተራም የተባለው ድርጅት ተረከበ።

ሞተሮቹ ግን ለዚህ ሥራ የታሰቡ አልነበሩም። ብዙ ጊዜ የተገጠመላት የፎርድ ኬንት ሞተር ለቤተሰብ መኪና የተነደፈ ነው። ሴቨን ቀላልና ዝቅ ያለች፥ ጎማዋም አስፋልቱን አጥብቆ የሚይዝ በመሆኑ፥ ከቤተሰብ መኪና ይልቅ እጅግ ፈጥና ትታጠፋለች። በዚህም ላይ ኮፓው ከመሬት ጋር እንዳይጋጭ ተቆርጦ እንዲያጥር ይደረጋል። ዘይቱ በብርቱ በሚናጥባት መኪና ላይ ጥልቀቱ እንዲህ መቀነሱ የችግሩ ሥር ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የክብደቷ እኩሌታ ሲሆን የዘይቱ ገጽ 27 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ ከክብደቷ ጋር ሲተካከል 45 ዲግሪ ይደርሳል። 45 ዲግሪ ማለት ወደ ጎን በተሄደው ልክ ወደ ላይ መውጣት ነው። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ኮፓ ውስጥ ዘይቱ በአንደኛው ግድግዳ ተከምሮ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ይወጣል፤ የመምጠጫው ቱቦ አፍም አየር ላይ ይቀራል። ይህ የሚቆየው ለቅጽበት ነው የሚል ካለ፥ 60 ሜትር ሬዲየስ ያለውን መታጠፊያ ያስብ። በዚህ ኃይል ሊታጠፍ የሚቻለው በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ግማሽ ክቡን ለመጨረስ 8 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በደቂቃ 6000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በዚያ ጊዜ 800 ጊዜ ይዞራል። ክራንክ ሻፍቱን ከብሮንዚናው የሚለየው የዘይት ሽፋን ውፍረቱ ከጥቂት ሺህኛ ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ፥ ያን ሁሉ ዙር በአየር ሊዘልቅ አይችልም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው የቢየላው ብሮንዚና ነው፤ ዘይቱ የሚደርሰው በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ አልፎ ነውና። ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ የበሳ እንደ ሆነ ደግሞ ዘይቱ ከኋላ ጎማ ሥር ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ የሚያሠጋው የሰው ሕይወት ነው።

በዚህ ረገድ የሞተር ብስክሌት ሞተር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሞተር ብስክሌት ሲታጠፍ ራሱ ስለሚያዘነብል ዘይቱ ከኮፓው ወለል አይነሣም። ያው ሞተር አራት እግር ባላት መኪና ላይ ሲገጠም ግን ማዘንበሉ ይቀርና ዘይቱ ወደ ጎን ይሸሻል። እንዲህ ያለውን ሞተር ኮፓውን ሳይለውጡ ወደ ሜዳ ማውጣት ገንዘብን እንደ መጣል ይቆጠራል።

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚሞክረው ወፍራም ዘይት ወይም ብርቱ ፖምፕ ነው። ሁለቱም አይረዱም፤ አየር የሚስብ ፖምፕ ቢበረታ የሚልከው ያንኑ አየር ነው። ዘይት ከምልክቱ በላይ መጨመር ጥቂት ያግዛል፤ ሲበዛ ግን ክራንክ ሻፍቱ እየመታው አረፋ ያደርገዋል።

ትክክለኛው መጀመሪያ ኮፓውን በላሜራ መከፋፈል ነው። የነዳጅ ቦቴ በውስጡ ግድግዳ የሚሠራለት ጭነቱ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን እንዳይወረወር ነው፤ የኮፓውም ምሥጢር ይኸው ነው። በመምጠጫው አፍ ዙሪያ ሳጥን ይሠራል፤ በግድግዳዎቹም ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ መዝጊያዎች ይገጠማሉ፤ ዘይቱ ይገባል፥ ሊወጣ ሲል ግን ራሱ ይዘጋቸዋል። ከላይ የሚከደን ላሜራ ደግሞ ዘይቱ ወደ ክራንክ ሻፍቱ እንዳይወጣ ያግደዋል። ፍሬን ሲያዝ ዘይቱ ወደ ፊት ስለሚሮጥ መዝጊያው በአራቱም ወገን መኖር አለበት።

ሁለተኛው መሣሪያ የግፊት ማጠራቀሚያ ነው፤ በአንድ ወገን ዘይት፥ በሌላው የታመቀ አየር የያዘ፥ በመካከሉ ፒስተን ያለበት በርሜል ነው። ግፊት ሲወድቅ አየሩ ዘይቱን ወደ ሞተሩ ይገፋል። ሆኖም ሞተሩ በደቂቃ 30 ሊትር የሚወስድ ቢሆን፥ 2 ሊትር የያዘው በርሜል በ4 ሰከንድ ያልቃል፤ መታጠፊያው ግን 8 ሰከንድ ነበር። እንግዲህ ይህ የላሜራው ረዳት እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም።

የእሽቅድምድም ጎማ ላጠለቀች መኪና የሚበጀው ዘይቱን ከኮፓው ጨርሶ ማውጣት ነው። አንድ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ፖምፖች ከኮፓው እየመጠጡ ቁመቱ ረጅም፥ ስፋቱ ጠባብ ወደ ሆነ በርሜል ይልኩታል፤ ሌላው ፖምፕ ከበርሜሉ ግርጌ ስቦ ለሞተሩ ያድላል። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው በርሜል በ45 ዲግሪ የሚደርሰው የከፍታ ልዩነት 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ በቂ ዘይት እስካለ ድረስ ግርጌው አይራቆትም። ዘይቱ የበርሜሉን ግድግዳ ታክኮ እየተሽከረከረ ሲገባም አየሩ ተለይቶ ይወጣል። ፖርሽ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በ911 ላይ ሲሠራበት ኖሯል። ዋጋው ውድ፥ ቱቦውና ማያያዣው ብዙ በመሆኑ ግን በተራ ጎማ ለሚነዳ ሰው አስቸኳይ አይደለም።

ከፋብሪካ የሚመጣው ቀይ የዘይት መብራት ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ የሚበራው ግፊቱ ወደ ባዶ ሲጠጋ፥ ማለትም ከረፈደ በኋላ ነው። በ2 ባር ገደማ የሚበራ ትልቅ መብራት በነጂው ዓይን ፊት ቢተከል፥ መታጠፊያ መካከል ብልጭ ሲል ነጂው ነዳጁን ይቀንሳል። ከመጀመሪያው የሜዳ ቀን በኋላም ፊልትሮው ተፈትቶ ይቆረጥ፤ ወረቀቱ ተዘርግቶ በብርሃን ይታይ። የብሮንዚና ብናኝ የታየበት ሞተር ዘይት ተለውጦለት ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ኮፓው ይወርዳል፥ ብሮንዚናዎቹም አንድ በአንድ ይመረመራሉ።