ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጫወቱትን የድረ ገጽ ጨዋታ መሥራት ስለ መማር



በገና በዓል ጎረምሶች በሜዳ ላይ ሲጫወቱ ሁለቱ በትራቸውን ባንድነት ሰንዝረው፥ አንዱ «ሩሯን የመታሁ እኔ ነኝ» ሌላውም «የለም፥ ቀድሜ የመታሁ እኔ ነኝ» ቢባባሉ፥ ነገሩን የሚቈርጥ ዳኛ ያስፈልጋል። ዳኛውም በሜዳው ዳር ቆሞ ሁሉን በዓይኑ ስለሚያይ ፍርዱ ይታመናል። ነገር ግን ተጫዋቾቹ አንዱ በአዲስ አበባ፥ አንዱ በጎንደር፥ አንዱም በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ተቀምጠው፥ ሜዳውም በየፊታቸው ባለው ስክሪን ላይ የሚታይ ሥዕል ብቻ ቢሆን፥ ማን እንደ ቀደመ በምን ይታወቃል? ማንስ ይፈርዳል? ዛሬ ልጆች በኮምፒዩተርና በስልክ የሚጫወቱት ብዙው ጨዋታ እንዲህ ያለ ነው። የዚህ ንግግር ዐሳብም ይህን ጨዋታ ስለ መጫወት ሳይሆን ስለ መሥራት ነው።

ብዙ አባቶችና እናቶች ልጃቸው በስልክ ጨዋታ ቀኑን ሲያሳልፍ አይተው ያዝናሉ፤ ኀዘናቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም መጫወትና መሥራት እንደ መብላትና እንደ ማረስ የተለያዩ ናቸው። እንጀራ የሚበላ ሁሉ ገበሬ እንዳይባል፥ ጨዋታ የሚጫወትም ሁሉ ጨዋታ ሠሪ አይባልም። ጨዋታ ለመሥራት የተነሣ ልጅ ሒሳብን፥ ጥንቃቄንና ትዕግሥትን፥ ከሁሉም ይልቅ የፍርድን ነገር ሳይማር ሥራውን ሊፈጽም አይችልም።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ የተቈጠሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾ የተባለ ተማሪ፥ ከርሱም ጋራ ሪቻርድ ባርትል፥ ብዙ ሰዎች ባንድነት ገብተው የሚጫወቱበትን፥ ሥዕል የሌለውንና በጽሑፍ ብቻ የሚሄደውን ጨዋታ ሠሩ። በ1989 ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሳለ የድረ ገጽን ሥርዓት አሰበ። በ1995 ብሬንዳን አይክ ጃቫስክሪፕት የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ የመጀመሪያ መልክ በ10 ቀን ያህል ሠራ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የድረ ገጽ ልማዱ እንደ ደብዳቤ ነበረ። ገጹን የሚያሳየው ብራውዘር ይጠይቃል፤ በሩቅ ያለው ሰርቨር ይመልሳል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ሰርቨሩ ሳይጠየቅ በራሱ ፈቃድ ሊናገር አይችልም ነበርና፥ ፈጣን ጨዋታ ለመሥራት አይመችም ነበር። በ2011 ዌብሶኬት የተባለው የመነጋገሪያ ሥርዓት ደንቡ ተጽፎ ሲወጣ ግን፥ ሁለቱ ወገኖች አንድ ጊዜ በር ከፍተው ሳይዘጉ በፈለጉት ጊዜ መነጋገር ቻሉ። በ2015 ማቴውስ ቫላዳሬስ የተባለ ብራዚላዊ ትልቁ ክብ ትንሹን ክብ የሚውጥበትን «አጋር አይኦ» የተባለ ጨዋታ በድረ ገጽ ላይ ባወጣ ጊዜ፥ ይህ ዐይነት ጨዋታ በዓለም ሁሉ ታወቀ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንዲገባ ያስፈልጋል። በተጫዋቹ ፊት ያለው ብራውዘር ካንቫስ በተባለው የሥዕል ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ በየሰከንዱ 60 ጊዜ ሥዕሉን እየደመሰሰ እንደ ገና ይሥላል፤ ዓይንም ይህን እንደ እንቅስቃሴ ያየዋል። በሌላ ስፍራ ያለው ሰርቨር ደግሞ የተጫዋቾችን ቃል እየተቀበለ ለሁሉም ያስተላልፋል። ይህን የሚሰማ ተማሪ ሥራው በዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ዋናው ችግር ግን ገና አልተጀመረም።

ችግሩም የመንገድ ርቀት ነው። ብርሃን በመስተዋት ገመድ ውስጥ ሲሄድ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ሰርቨሩ በፍራንክፈርት ቢሆን፥ አንድ ቃል ከአዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ፥ ማለት ከአንድ ሰከንድ ከ1,000 እጅ 50ው እጅ ያስፈልገዋል። ገመዱ ስለሚጠመዘዝና በየመንገዱ ያሉት መሣሪያዎች ስለሚያዘገዩት ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። 100 ሚሊ ሰከንድ ነው ቢባል፥ በሰከንድ 400 ነጥብ የሚሮጥ ምስል በዚህ ጊዜ ውስጥ 40 ነጥብ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ባልንጀራ ዛሬ ያለበት ሳይሆን ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረበት ስፍራ ነው። ሁለት ልጆች አባሮሽ ቢጫወቱ፥ አባራሪው «ነካሁት» ይላል፤ ተባራሪውም «አልነካኝም» ይላል፤ ሁለቱም ያዩትን ተናገሩ እንጂ አልዋሹም። ልብ በሉ፤ ዳኛ የሚያስፈልገው ለውሸተኞች ብቻ አይደለም፤ እውነተኞችም ከየቆሙበት ስፍራ የተለያየ ነገር ያያሉና።

ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት የተጫዋቹን ኮምፒዩተር ራሱን ዳኛ ማድረግ ነው። የያንዳንዱ ኮምፒዩተር «አሁን በዚህ ስፍራ ነኝ፤ እገሌን ነክቼዋለሁ» ብሎ ለሰርቨሩ ይነግረዋል፤ ሰርቨሩም አምኖ ይቀበላል። ይህ ተከሳሹን ራሱን ፈራጅ እንደ ማድረግ ነው። ብዙው ብራውዘር ፕሮግራም ሠሪዎች የገጹን ኮድ የሚመለከቱበትና የሚለውጡበት መሣሪያ በውስጡ አለውና፥ ጥቂት የተማረ ልጅ ከፍቶ «አሸንፌአለሁ» የሚል ቃል ቢልክ የሚከለክለው የለም። ትክክለኛው ሕግ እንዲህ ነው፤ ተጫዋቹ የሚልከው ፈቃዱን ብቻ ይሁን፤ ይኸውም «ወደ ቀኝ ልሂድ» ወይም «ልዝለል» የሚል ነው። በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ፥ ግድግዳ እንዳይጥስ፥ ማንን እንደ ነካ የሚቈጥረውና የሚፈርደው ሰርቨሩ ብቻ ይሁን። ሰርቨሩም ለምሳሌ በየሰከንዱ 20 ጊዜ፥ ማለት በየ50 ሚሊ ሰከንዱ፥ የመጣለትን ፈቃድ ሁሉ ሰብስቦ ፍርዱን ለሁሉም ያሰማል።

ነገር ግን ተጫዋቹ ቍልፉን በተጫነ ቍጥር የሩቁን ዳኛ ቃል የሚጠብቅ ከሆነ ምስሉ ይዘገይበታል፤ ጨዋታውም ይሰለቸዋል። ለዚህ የተገኘው መድኀኒት በ1996 ጆን ካርማክ ኩዌክወርልድ በተባለው ጨዋታ የሠራበት ዘዴ ነው። የተጫዋቹ ኮምፒዩተር ዳኛውን ሳይጠብቅ፥ ዳኛው ሳይፈቅድለት አይቀርም ብሎ ገምቶ የራሱን ምስል ወዲያው ያንቀሳቅሳል። ለያንዳንዱም ፈቃድ ቍጥር ይሰጠዋል። በኋላ ዳኛው «እስከ 15ኛው ፈቃድ ድረስ ተመልክቼ ስፍራህ ይህ ነው» ብሎ ሲመልስ፥ ኮምፒዩተሩ የዳኛውን ስፍራ ተቀብሎ ገና ያልተፈረደላቸውን፥ ማለት 16ኛውንና ከዚያ በኋላ ያሉትን፥ በላዩ ላይ እንደ ገና ይቈጥራል። ግምቱ ትክክል ከሆነ ምንም አይለወጥም፤ ስሕተት ከሆነ ራሱን ያርማል። የሌሎቹን ተጫዋቾች ምስል ግን በግምት አያስሮጥም፤ ከዳኛው በመጡት በሁለቱ የታወቁ ስፍራዎች መካከል በዝግታ ያሳልፈዋል እንጂ።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ዌብሶኬት መልእክቶቹን በተላኩበት ተራ ያደርሳል፤ በጠባብ ድልድይ ላይ እንደሚያልፍ የበቅሎ ጓዝ ነውና፥ ፊተኛው ከቆመ የኋለኞቹ ሁሉ ይቆማሉ። ስለዚህ ተማሪው መልእክቱን አጭር ማድረግን፥ የማያስፈልገውን አለመላክን ይማር።

«ይህ ለከተማ ትምህርት ቤት እንጂ ለገጠር ትምህርት ቤት አይሆንም» የሚል ቢኖር፥ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ይህን ትምህርት ለመጀመር ኢንተርኔት አያስፈልግም። በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሰርቨሩንም፥ ሁለት የብራውዘር መስኮቶችንም ከፍቶ ሁለት ተጫዋች ማድረግ ይቻላል። የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች፥ ጃቫስክሪፕትን በሰርቨር ላይ የሚያሠራው ኖድ ጄኤስም ጭምር፥ ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸውና አንድ ጊዜ ከከተማ በፍላሽ ዲስክ ሊመጡ ይችላሉ።

የትምህርቱም ተራ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። አስቀድሞ ተማሪው ገበጣን ለሁለት ተጫዋች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይሥራ። ገበጣ በተራ የሚጫወቱት ስለ ሆነ ችኰላ የለበትም። ሕጉ ግን ከአገር አገር ይለያያልና፥ ተማሪው ወደ ሽማግሌዎች ሄዶ «የዚህ አገር ሕግ እንዴት ነው? ጠጠሩ በባዶ ጕድጓድ ቢያልቅ ምን ይሆናል?» እያለ ይጠይቅ፥ መልሱንም ይጻፍ። ኮምፒዩተር ያልተነገረውን ከልቡ አያውቅምና፥ ሕጉ አንድ እንኳ ሳይቀር መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፥ ያንኑ ገበጣ በሰርቨር ዳኝነት በሁለት መስኮት ያጫውት። ሦስተኛ፥ አንድ ነጥብ በሰሌዳው ላይ ያንቀሳቅስ። አራተኛ፥ ሁለት ነጥቦችን በሰርቨር በኩል አባሮሽ ያጫውት። አምስተኛ፥ በመካከል ሆን ብሎ መልእክቱን ሁሉ በ200 ሚሊ ሰከንድ ያዘግየው። ይህ አምስተኛው እጅግ የሚጠቅም ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ መንገዱ አጭር ስለ ሆነ የጨዋታው ጕድለት ይሸሸጋልና። በክፍሉ ያማረው ጨዋታ በሩቅ አገር የሚበላሸው ሠሪው መዘግየትን ስላልቀመሰ ነው። ስድስተኛ፥ ያየውን ጕድለት ቀደም ሲል በተነገረው በመገመትና በመታረም ዘዴ ያድነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ በአንድ ቀን ሁሉን መያዝ አይገባም።

መምህራን ሆይ፥ ሁለት ነገር ጠብቁ። ፊተኛው፥ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ፕሮግራም ለጠየቀው ሁሉ ኮዱን ጽፎ ይሰጣል። ያን ተቀብሎ ያቀረበ ተማሪ ጨዋታ ይኖረዋል፥ ዕውቀት ግን አይኖረውም። ስለዚህ የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ነግሮ እንደሚታረም፥ ይህም ተማሪ የያንዳንዱን መስመር ምክንያት በቃሉ ይናገር። ሁለተኛው፥ ጨዋታው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ በኢንተርኔት የሚከፈት ከሆነ፥ ልጆች ከማያውቁት ሰው ጋራ የሚጻጻፉበትን ስፍራ አትጨምሩበት፤ እውነተኛ ስማቸውንም አያስገቡ።

ሽማግሌዎች ሆይ፥ እናንተም «ይህ የልጆች ነገር ነው» ብላችሁ አትለፉት። ማንን ማመን እንደሚገባ፥ የሁለት እውነተኞች ቃል ሲለያይ እንዴት እንደሚፈረድ፥ ዳኛ ሩቅ ሲሆን ሰው እንዴት በቅንነት እንደሚሠራ እናንተ በዕድሜያችሁ የመረመራችሁት ነገር ነው። ልጁ ይህንኑ ነገር በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ይጠይቃል። ስለ ገበጣ ሕግ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ አስቀምጣችሁ ንገሩት፤ ስለ ፍርድም ጨምራችሁ አስተምሩት። እርሱም የፈረደው ፍርድ ትክክል መሆኑን ለእናንተ በስክሪኑ ላይ ያሳያችሁ ዘንድ ጠይቁት። የጠየቃችሁትን መልሶ ማስረዳት በቻለ ጊዜ፥ ጨዋታ ለርሱ ትምህርት እንደ ሆነለት በዚያ ታውቃላችሁ።