የሄርኩለስ አዳራሽና የሲቺሊያ ሸንጎ



ሕግ የሚወጣበት ቤት በድንጋይ ብቻ እንደማይጸና ከሚያስረዱት ስፍራዎች አንዱ በኢጣሊያ አገር፣ በሲቺሊያ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ የሚገኘው የኖርማኖች ቤተ መንግሥት ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስፍራው አስቀድሞ የዐረብ አሚሮች ምሽግ ነበር። ኖርማኖች በ1072 ከተማይቱን ከያዙ በኋላ አስፋፍተው ሠሩት። በ1130 ዘውድ የጫነው ንጉሥ ዳግማዊ ሩጀሮ በግቢው ያሠራው ጸሎት ቤት በ1140 ተመረቀ። በዚያ ዘመን ላቲን፣ ግሪክኛና ዐረብኛ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ይጻፉ ነበር፤ በ1142 ለውሃ ሰዓት መታሰቢያ የተቀረጸው ጽሕፈት በሦስቱም ቋንቋዎች ነው። አል ኢድሪሲም ዝነኛውን የመልክዐ ምድር መጽሐፉን በ1154 የፈጸመው ለዚሁ ንጉሥ ነበር።

የጥንቱ የሲቺሊያ ሸንጎ በሦስት ክፍል የተደራጀ ነበር፤ ይኸውም መኳንንቱ፣ ካህናቱና በቀጥታ ለንጉሥ የሚገዙት ከተሞች ናቸው። መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ ግን በዚያ ወንበር አልነበረውም። በ1812 ሸንጎው የባላባትነትን ሥርዐት የሚሽር ሕገ መንግሥት አወጣ። ይሁን እንጂ በ1816 ሲቺሊያና ናፖሊ በአንድ መንግሥት ሲጠቃለሉ ሕገ መንግሥቱም ሸንጎውም ቀሩ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ ሜይ 15 ቀን 1946፣ ለደሴቲቱ ልዩ የራስ አስተዳደር ሕግ ተሰጣት። ሴትም ወንድም የሚመርጠው የአዲሱ ምክር ቤት ምርጫ ኤፕሪል 20 ቀን 1947 ተፈጸመ። አሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ ሜይ 1 ቀን፣ ገበሬዎች የሠራተኞችን በዓል ሊያከብሩ በፖርቴላ ዴላ ጂኔስትራ በተሰበሰቡበት ሽፍቶች ተኩስ ከፍተው 11 ሰዎች ገደሉ። ደሙ ሳይደርቅ፣ በዚያው ወር በ25ኛው ቀን፣ እንደራሴዎቹ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሄርኩለስ ገድል በተሣለበት አዳራሽ የመጀመሪያ ስብሰባቸውን አደረጉ። ዛሬም የሚሰበሰቡት በዚያው ነው። ቍጥራቸው 90 ነበር፤ ከ2017 ምርጫ ወዲህ 70 ሆኗል።

ለመምህራን የሚጠቅመው ነገር፣ ልዩው ሕግ ለዚህ ምክር ቤት ከሰጣቸው ሥልጣኖች መካከል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክር መኖራቸው ነው። ሥልጣኑ ግን ያለ መሥዋዕትነት አልተጠበቀም። የደሴቲቱ አስተዳደር ፕሬዚዳንት የነበሩት ፒየርሳንቲ ማታሬላ አሠራሩን ከማፊያ እጅ ለማጽዳት ሲደክሙ ጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ተገደሉ።

እንግዲህ መምህር ስለ ሸንጎ ሲያስተምር የአዳራሹን ውበት ነግሮ አይብቃው። ተማሪው፦ በዚህ ወንበር ማን ተቀመጠ? ማን በደጅ ቀረ? የወጣውስ ሕግ እርሻው ድረስ ደረሰን? ብሎ እንዲጠይቅ ያስለምደው።