ኹለት መዝገብ ስለ ማጋጠም



ለዚህ በዓል እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፣ ከኮምፒዩተር ትምህርታችን ለወገዳ ተማሪ የሚጠቅመው የቱ ነው ብለን ተመካከርን። የመረጥነውም መዝገብ ማጋጠምን ነው።

የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ኤድጋር ኮድ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ መረጃ በሠንጠረዥ ተጽፎ በስብስብ ሒሳብ ሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል አሳየ። እንግዲህ አንደኛው መዝገባችን የተመዘገቡትን፣ ኹለተኛው መጽሐፍ የተረከቡትን ተማሪዎች ስም ይያዝ እንበል። በኤስ.ኪው.ኤል. ቋንቋ «ዩኒየን» ስንል ኹለቱን ደምሮ የተደገመውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል፤ «ኢንተርሴክት» በኹለቱም ያሉትን ያወጣል፤ «ኤክሴፕት» ግን ከፊተኛው ውስጥ በኋለኛው የሌሉትን ያስቀራል። መጽሐፍ ያልደረሳቸውን የሚነግረን ይኸው ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ሳይመዘገብ የወሰደውን ያወጣብናል፤ ይህም ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሹም ሳይጠቅም አይቀርም!

ችግሩ ከስማችን ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያየው ፊደሉን እንጂ ድምፁን አይደለም። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለእርሱ ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ስላለው የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ኃይሉ በ«ዩኒየን» ኹለት ጊዜ ይቆጠራል፤ በ«ኤክሴፕት»ም መጽሐፉን በእጁ ይዞ ሳለ አልተረከበም ይባላል።

የባሰው ተቃራኒው ነው። ኹለት ልጆች በስም፣ በአባትና በአያት ስም ቢገጥሙ፣ በስማዳና በጋይንት ይህ ማንን ያስደንቃል? «ዩኒየን» ኹለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አንደኛው መጽሐፍ ከወሰደ «ኤክሴፕት» ሌላውንም እንደ ወሰደ ይሰርዘዋል። የተደገመ ስም ዐይን ውስጥ ይገባል፤ የጠፋ ስም ግን አይጮኽም፤ ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ሲሆንማ የሚጠይቅለትም የለ። «ዩኒየን ኦል» ይሻላል የሚሉ ጓደኞች አሉን። እርሱ ምንም አይሰርዝም፤ ነገር ግን በእውነት የተደገመውንም ሳያጠራ ይተወዋል።

እኛ የምንደግፈው ቁጥርን ነው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ለአንድ ሰው አንድ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ለትምህርት ቤት ግን በምዝገባ ቀን የተሰጠ ተራ ቁጥር፣ በኹለቱም መዝገብ በትክክል ከተጻፈ፣ ይበቃል። ቁጥር በሌለበት አሮጌ መዝገብ ላይ ደግሞ ከማጋጠማችን በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ ያሻል፤ ይህም በቅጂው ላይ ብቻ ይሁን፤ በምስክር ወረቀት ላይ ስማችን ወላጆቻችን እንደጻፉት ይቆይልን።

ወላጆቻችንም በመጪው ምዝገባ ቀን የልጃቸውን ቁጥር ጠይቀው በደብተሩ ሽፋን ላይ እንዲያስጽፉልን እንለምናለን።